«የመድኃኒቱን ነገር ባታነሳው»

ባለፈው ዓመት አንድ መንፈሳዊ ማኅበር ምስክርነት እንድሰጥ ጋበዘኝ። አስተባባሪው ጨዋ ሰው ነው። መርሐ ግብሩ ከመጀመሩ በፊት ወደ ጥግ ወሰደኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ሰዓት ስለሌለን አሳጥረው። ደግሞ የመድኃኒቱን ነገር ባታነሳው ጥሩ ነው፤ የእግዚአብሔርን ሥራ ይሸፍንብናል» አለኝ። ድምፁ ዝቅ ስላለ ግማሹን ከከንፈሩ ነው ያነበብኩት። መድረክ ላይ ወጣሁና ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ነገር ተናገርኩ፤ ታምሜ ነበር፣ ጸለይኩ፣ ዳንኩ። እልልታው ቀለጠ። ቤቴ ስገባ ግን እራት አልበላ አለኝ። ከተናገርኩት ውስጥ አንድም ሐሰት አልነበረም፤ ሲደመር ግን ውሸት ሆነ። ያን ቀን ቆርጬ ያስቀረሁትን ነው አሁን የምጽፈው፣ በተለይ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ክኒኑን በቦርሳው ይዞ ተቀምጦ ለነበረ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው በየአዳራሹ አይጠፋም።

ሥራዬ መምህርነት ነው፤ ሒሳብ አስተምራለሁ። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ጎንደር ውስጥ የአቋቋም፣ ማለትም የማኅሌት ሥርዓት፣ አዋቂ ልጅ ሆኖ ማደግ ምን ማለት እንደሆነ ያደገበት ያውቀዋል፤ እርሳስ ሳልይዝ መቋሚያ ይዣለሁ። ዝማሜውን፣ መረግዱን፣ ጽፋቱን ከአባቴ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ነው የተማርኩት። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከተመረቅኩ በኋላም ቅዳሜ ሌሊት ማኅሌት ቆሜ፣ ሰኞ ጠዋት ጠመኔ እይዝ ነበር። ጸናጽል አያያዜን ሰዎች ያመሰግኑልኝ ነበር። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም፤ በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

በ2005 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ቲቢ ተገኘብኝ። ተራው ዓይነት፣ በስድስት ወር ክኒን የሚድነው። ሁለት ወር እንደዋጥኩ ሳሉ ለቀቀኝ፣ የሌሊት ላቡ ተወኝ፣ ሱሪዬ መልሶ ልኬ ሆነ። የቲቢ ትልቁ ማታለያ ይህ ነው፤ ከመዳንህ በፊት የዳንክ ያስመስልሃል። መጋቢት ላይ ሁዳዴ ሲገባ ጠበል ወረድኩ። መውረዴ ጥፋት አልነበረም፤ ዛሬም እወርዳለሁ። ጥፋቱ እዚያ ያገኘሁትን ሰው መስማቴ ነው። ካህን አልነበረም፣ መነኩሴም አልነበረም፤ እንደ እኔ ጠበልተኛ ነበር፤ ብቻ ሲናገር እርግጠኛ ነበር። «ጠበልና ክኒን አብሮ አይሄድም፤ አንዱን ምረጥ» አለኝ። እኔም የድጓ ልጅ፣ የመሪጌታ ልጅ ነኝና ክኒኑን መርጬ መገኘት አሳፈረኝ። አምስት ሳምንት አቋረጥኩ።

ተህዋሲው የሚሠራው ሥራ ለሒሳብ መምህር ግልጽ ነው። በሳንባህ ውስጥ እልፍ አእላፍ ናቸው፤ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ናቸው። ክኒኖቹን አሟልተህ ስትውጥ አንዱ የሳተውን ሌላው ይይዘዋል። ስታቆራርጥ ግን ደካሞቹ ያልቃሉ፣ ቻዮቹ ይተርፋሉ፣ የተረፉት ይባዛሉ። በመስከረም 2006 ሳሉ ከደም ጋር ተመለሰ። አክታዬ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያ ሲመረመር በሁለት ሰዓት ውስጥ ውጤቱ ወጣ፤ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋናውን መድኃኒት የተላመደ ቲቢ። ታማሚዎቹ በአጭሩ ኤምዲአር እንለዋለን።

የዚያን ጊዜው ሕክምና 20 ወር ነበር። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ወራት መርፌ አለባቸው፣ በሳምንት ስድስት ቀን። በመጀመሪያው ሌሊት ተቀምጬ አሰላሁት፤ 200 ያህል መርፌ፣ በቀን 15 ክኒን ቢባል ወደ 9,000 ክኒን። ቁጥሩን ጽፌ አሰመርኩበት፤ ከዚያ ወረቀቱን ቀደድኩት።

ለአባቴ መንገር ከበሽታው ይብስ ነበር። በማኅሌት ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቆመው፤ በጨለማ፣ በተዘጋ ቅኔ ማኅሌት፣ ሌሊቱን ሙሉ እየጮኹ። እንደ እኔ ያለ ሰው እዚያ መቆም የለበትም። ነገርኳቸው። መልስ ሳይሰጡኝ ረጅም ጊዜ ቆዩ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ካለው ጽድ ሥር፣ ሰው ከማይበዛበት በኩል፣ አንዲት በርጩማ ተቀምጣ አገኘሁ። አባቴ ናቸው ያስቀመጧት። «ከዚህ ሆነህ ታደርሳለህ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ምርመራው ተህዋሲ የለም እስኪል ድረስ ያቺ በርጩማ ደብሬ ነበረች።

ሰዎች ሊጠይቁኝ ይመጡ ነበር፣ ከደጅ። የእድሩ ሴቶች ምግብ አጥሩ ላይ አንጠልጥለው ይሄዳሉ፤ ፍርሃት ይሁን ፍቅር አልመረመርኩትም፣ ሽሮው ትኩስ ነበር። ከሚመጡት ውስጥ ግን ስለ ቅዱስ ያሬድ ትል ያልነገረኝ የለም። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ ትሏ ዛፍ ላይ ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ወጣች፣ ያሬድም ከእርሷ ተማረ። እኔ ራሴ ይህን ታሪክ ለሕፃናት ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ነገር ግን ሰው ጎንበስ ብሎ እያስመለሰ ስለ ትል መስማት አይፈልግም። የታመመ ሰው ልትጠይቁ ስትሄዱ ትሏን እቤት ተዉአት። አንድ ጎረቤታችን ግን፣ ሽማግሌ ናቸው፣ መጥተው ከአጥሩ ማዶ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለው ስለ ገብስ ዋጋ አውርተውኝ ሄዱ። ያን ቀን እንደ ጤነኛ ሰው ዋልኩ።

ጥር ላይ ጨለማው መጣ። ከክኒኖቹ አንዱ ሳይክሎሰሪን ይባላል፤ የአንዳንዱን ሰው አእምሮ ይነካል። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር። እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ማንም ሳይጠራኝ ስሜን እሰማ ነበር፣ ሌሊት ሌሊት ባልነጋ እል ነበር። እንዳልታመምኩ፣ እንደተተውኩ ነበር የተሰማኝ። በገዛ እጄ ያመጣሁት በሽታ ስለሆነ እግዚአብሔር ዘንድ የምናገርበት አፍ የለኝም ብዬ ደመደምኩ። ዳዊት መድገም ግን አላቋረጥኩም፤ ከመንፈሳዊነት ሳይሆን ከልማድ። ሳምንቱ እንደተከፈለ ሰኞ ከአንድ ጀምሬ፣ ሐሙስ ሲደርስ 87ኛው መዝሙር ይመጣል። በልቅሶ የሚጀምሩት ሌሎቹ መዝሙራት አብዛኞቹ በምስጋና ይጨርሳሉ። ይህኛው አይጨርስም። ወዳጆቼን ከእኔ አራቅህ ብሎ እዚያው ላይ ያበቃል። እንዲህ ያለ ጸሎት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ መኖሩን ስንት ዓመት ስደግመው አላስተዋልኩም ነበር። ሳይጽናና የጸለየ ሰው ጸሎቱ ተቀባይነት አግኝቶ፣ ከቅዱሳት መጻሕፍት ተቆጥሮ፣ እኔ ዘንድ ደርሷል። ሐሙስን መጠበቅ ጀመርኩ።

ያተረፈችኝ ግን፣ ከእግዚአብሔር በታች፣ አንዲት ሲስተር ናት። መርፌውን ከወጋችኝ በኋላ ዓይኔን አይታ፣ «ሌሊቱን እንዴት ነህ?» አለችኝ። ስለ ሳሉ አልጠየቀችም፣ ስለ ሌሊቱ ነው የጠየቀችኝ። አለቀስኩ። የሰማሁትን ድምፅ ነገርኳት፤ ሰይጣን ነው ትለኛለች ብዬ ነበር። «ክኒኑ ነው» አለችኝ፤ «ብዙ ሰው ላይ ያደርጋል፣ ለምን እስካሁን ዝም አልክ?» ሐኪሙ መጠኑን አስተካከለልኝ፣ ቫይታሚን ቢ6 ጨመረልኝ፤ በሳምንታት ውስጥ ድምፁ ጠፋ። እባካችሁ፣ በዚህ ሕክምና ላይ ያላችሁ፣ ወይም እንዲህ ያለ ታማሚ ቤታችሁ ያለ፣ አእምሮ ላይ የሚመጣውን ነገር ቶሎ ተናገሩ። መሞት የሚመኝ ሰው እምነቱ ጎድሎ ነው አትበሉ። ኤልያስ እንኳ ከክትክታው ሥር ሞትን ለምኗል፤ መልአኩም አልገሠጸውም፣ እንጎቻና ውኃ አቅርቦ «ተነሥና ብላ» ነው ያለው።

ስለ መብላት ካነሳሁ ወደ ንስሐ አባቴ ልምጣ። ሁዳዴ ተመልሶ ገባ፣ የካቲት 17። ባለፈው ዓመት ሁዳዴ ነው ክኒኑን አቋርጬ በራሴ ላይ ጥፋት ያመጣሁት፤ አሁን ደግሞ ክብደቴ 47 ኪሎ ነው። ሐኪሙ እንቁላልና ወተት በየቀኑ ብሎኛል። እናቴ እንቁላል ቀቅላ ታቀርብልኛለች፣ እኔ ሰሐኑን እገፋለሁ፣ እሷ ታለቅሳለች። በመጨረሻ ሄዳ አባን ጠራቻቸው። መጡ። ከቤት ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ተናዘዝኩ፤ ክኒን ማቋረጤን፣ ያቋረጥኩበትን ምክንያት፣ ከእምነት ይልቅ ኩራት እንደነበረ፣ በዚያ መካከል ስንት ሰው ላይ አስዬ እንደሆነ እንደማላውቅ። በተለይ የመጨረሻውን ስናገር ድምፄ ተቆረጠ።

ቀኖና ጠበቅኩ። ስግደት እንደማልችል ያያሉ። አባ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ቀኖናህ ክኒኑ ነው» አሉኝ። «አንዱን ሳታጎድል እስከ መጨረሻዋ ቀን። ስትውጥ አቡነ ዘበሰማያት በል። እንቁላሉንም እየተጸየፍክ ሳይሆን አመስግነህ ትበላለህ፤ ፈቅጄልህ አይደለም፣ አዝዤህ ነው።»

«አባ፣ በሁዳዴ?»

«ጾም ለአንተ ዘንድሮ ይህ ነው።»

በሕይወቴ ከጾምኳቸው ጾሞች ሁሉ የከበደኝ እንቁላል የበላሁበት ነው። ለካ እህል ከመተው ይልቅ ራስን መተው ይከብዳል። ጎረቤት ሲጾም የእንቁላሉን ቅርፊት ደብቄ ስጥል፣ ጿሚው መሪጌታ አባቴ ከፊቴ ቁጭ ብለው «ጨው ጨምርበት» ሲሉኝ፣ ከዚያ በፊት ጾሜ ስንት እጅ ለሰው ዓይን እንደነበረ ቆጠርኩት።

አባን አንድ ሌላ ነገር ጠየቅኳቸው። ለምን ጠበሉ አላዳነኝም? እግዚአብሔር ይችል አልነበረም? እርሳቸውም የጳውሎስን መልእክት አወጡና ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መጨረሻ ላይ ያለችውን፣ ማንም የማይሰብክባትን አንዲት ቁጥር አስነበቡኝ፤ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ተውኩት ትላለች። «ጳውሎስ ነው» አሉኝ። «የልብሱ እራፊ ሕሙማንን ይፈውስ የነበረው ጳውሎስ። ወዳጁን ታሞ ትቶት ሄደ። ድል ማለት ከደዌ መዳን ብቻ ከሆነ ጥሮፊሞስ ተሸናፊ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ አላለችም።» ከዚያም መጽሐፈ ሲራክን ከፈቱ፤ ምዕራፍ 38፣ ባለ መድኃኒትን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው የሚለውን። እዚያ ጠበል ቦታ የነበረው ሰው ይህን ምዕራፍ አላነበበም ይሆናል። እኔ ግን አንብቤው ነበር፤ ያ ነው የሚያናድደኝ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትንና ጠበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ መናገራቸውንም ሰምቼ ነበር። ሰምቶ መተው የእኔ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክኒኑን በጠበል እውጠው ጀመር። ሲስተሯን አስቀድሜ ጠይቄአት፣ «ንጹሕ ይሁን እንጂ ውኃ ነው» አለችኝ። 15 ክኒን፣ 15 አቡነ ዘበሰማያት። የምርመራው ውጤት ተህዋሲ አልተገኘም ሲል እንኳ ደስታዬ እንደጠበቅኩት አልነበረም፤ ደስታው አስቀድሞ ቀስ እያለ ገብቶ ነበር። ጠዋት ስነሳ የሚጠብቀኝ ነገር ከቅጣት ወደ አገልግሎት ተለውጧል። ድል የሚባለውን ነገር በግልጽ ያየሁት እዚያ ላይ ነው፣ ገና የ14 ወር ክኒን ሲቀረኝ።

አሁን ወደ ፋሲካው ሌሊት ልምጣ።

በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል አይነኩም፤ ማኅሌቱ በመቋሚያ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁዳዴውን ሙሉ ምንም አላስተዋልኩም ነበር። ሰዎች ቃላቸውን እንደሚያጉተመትሙ አስቤ እናደድ ነበር፤ እናቴን «ጮክ በይ» እላት ነበር። ሚያዝያ 12 ለሊት፣ በዕለተ ትንሣኤ፣ ሐኪም ቤቱ ከሰው መቀላቀል ትችላለህ ቢለኝም ለጥንቃቄ ከጽዴ ሥር ነበርኩ። በሮቹ ተከፍተዋል፤ ጧፉ ይታየኛል። ከበሮው ሲመታ ደረቴ ተናወጠ። ከዚያ ሰልፉን አየሁ፤ ቀኝ እጆች ከፍ ዝቅ ይላሉ፣ ጸናጽሎቹ በጧፉ ብርሃን ብልጭ ብልጭ ይላሉ፣ ድምፅ ግን የለም። ዝም። ጆሮዬን በመዳፌ መታሁት። እጆቹ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ ምንም የለም።

ያ በየቀኑ የምወጋው ካናማይሲን የሚባለው መርፌ የውስጥ ጆሮን ይጎዳል፤ አስቀድሞ የሚወስደውም ቀጭኑን ድምፅ ነው። የጸናጽልን፣ የወፍን፣ የሕፃንን። ወፍራሙን ይተውልሃል። የሞተው የጆሮ ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልም። ሐኪሙ የመርፌውን ቀን ወዲያው ቀነሰው፤ ያም የቀረውን ለማትረፍ ነው እንጂ የሄደውን አላመጣም። በምትኩ ጆሮዬ ውስጥ ሌላ ጸናጽል ገባ፣ ማንም ያልጨበጠው፣ ሌሊትና ቀን የማያቋርጥ። ክፍል ስመለስ ደግሞ ተማሪዎቼ «ስድስት» ሲሉኝ የምሰማው «ድ»ን ብቻ ሆነ። ለሒሳብ መምህር መጥፎ አደጋ ነው። አሁን መልሱን በጣታቸው ነው የሚያሳዩኝ፤ እነሱ እንደ ጨዋታ ይዘውታል።

ይህን ለማስፈራራት አልጻፍኩም። የዓለም ጤና ድርጅት ካናማይሲንና መሰሉን ከሕክምናው እንዲወጡ የመከረው በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ለብዙው ታማሚ መርፌ የሌለበት፣ በስድስት ወር የሚያልቅ ሕክምና መክሯል። ዛሬ ኤምዲአር ተባላችሁ ማለት የእኔን መንገድ ትሄዳላችሁ ማለት አይደለም። ለእኔ ግን አራት ዓመት ዘገየ። በዚህ አልተቆጣሁም ብል ሁለተኛ ውሸት ይሆናል። ፋሲካውን ተከትሎ ባለው ሳምንት ሁሉ ተቆጥቻለሁ። ሳንባዬን መልሰህ ጸናጽሌን ወሰድክ ብዬዋለሁ፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ጮክ ብዬ። መቆጣቴን ለአባ ስነግራቸው «ለማን ተናገርከው?» አሉኝ። «ለእርሱ» አልኳቸው። «እንግዲያው ጸሎት ነው» ብለው አለፉት።

መርፌው ሰኔ ላይ አለቀ። ክኒኑ ሌላ ዓመት ቀጠለ። ስለዚያ ዓመት ብዙ የምለው የለኝም፤ አሰልቺ ነበር፣ አሰልቺነቱም ደግ ነበር። የመጨረሻዋን ክኒን በሰኔ 2007 ሲስተሯ ፊት ዋጥኩ። እልል ያለች እሷ ብቻ ናት፤ እርሱንም በከፊል ነው የሰማሁት።

አባቴ ግን ሥራ አልፈቱም ነበር። ከትንሣኤ በኋላ በነበሩት ወራት ማታ ማታ ከፊቴ ቆመው ጸናጽል ይይዙ ነበር። ሲይዙ አልሰማም። «አትስማው» ይሉኛል፣ «እየው። አንጓዬን እይ።» ሰባ ያለፈው ሽማግሌ ሰው፣ እንደ አዲስ ተማሪ እኔን አስቀምጠው፣ የእጃቸውን አወራረድ እየቆጠርኩ እስክከተል ድረስ ደጋገሙት። ስሳሳት በልጅነቴ እንደሚያደርጉት በመቋሚያ ጫፍ ጉልበቴን ነካ ያደርጉኛል። ሥርዓቱን በጆሮ ለሠላሳ ዓመት ያወቅኩት በዓይን እንደገና መማር ነበረብኝ።

በ2008 የጽጌ ማኅሌት ተመለስኩ። መስከረም 26 አልፎ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሌሊት ነው። ከሰልፉ መካከል ገብቼ ቦታዬን ልይዝ ስል አባቴ ጸናጽሉን ከእጄ ወስደው ከጎኔ ላለው ልጅ ሰጡት። ደነገጥኩ። ከበሮውን በዓይናቸው አሳዩኝ። በእኛ ደብር ከበሮ ያለ እርሳቸው ፈቃድ ማንም አያነሣም፤ ለእኔም ሰጥተውኝ አያውቁም ነበር። ማንጠልጠያውን ትከሻዬ ላይ አጠለቅኩት። በከበሮው ላይ የተጠላለፈው ጠፍር በጌታ ጀርባ ላይ ያረፈው የግርፋት ሰንበር ምሳሌ ነው ብለው ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ መዳፌን ሳሳርፍበት እሱን አሰብኩ።

ዜማው ተነሣ። ከፊት ለፊቴ ያለው ልጅ ጸናጽሉን ከፍ አደረገ፣ አንጓው ሲታጠፍ አየሁ፣ መታሁ።